ከእሁድ ማዕድ ወደ አንድ ጣሪያ

ዛሬ የምናነሣው ታሪክ የጀመረው በአንዲት ሰላምታ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1909 ነው፤ ስፍራው ኒውዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። ሃሪ ኤድመንድስ የሚባል የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) አገልጋይ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ከአንድ ቻይናዊ ተማሪ ጋር ተላለፈ። እንደምን አደርክ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ጥቂት ሄዶ ዞር ሲል ግን ተማሪው ባለበት ቆሞ ቀርቷል። ተመልሶ ጠጋ ሲለው ልጁ ስላናገረው አመሰገነው። ኒውዮርክ ከገባ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ግን ያናገረው ሰው እንዳልነበረ ነገረው።

ሦስት ሳምንት ማለት ሦስት እሁድ ነው። አብያተ ክርስቲያናት በሞሉባት በዚያች ከተማ ሦስት እሁድ ተዘምሯል፣ ተሰብኳል፣ ተጸልዮአል። እንግዳው ልጅ ግን በመካከላቸው እያለፈ የሚያየው አጣ።

ኤድመንድስ ነገሩን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለፍሎረንስ አጫወታት። ባልና ሚስቱም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎችን እሁድ እሁድ እራት እየጋበዙ በቤታቸው ማስተናገድ ጀመሩ። ከዚያች ገበታ ዙሪያ የልዩ ልዩ አገር ተማሪዎች ማኅበር ተወለደ። ተማሪዎቹ እየበዙ ሲሄዱም ቤቱ ጠበበ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የጠለቀው። እንግዳን እሁድ ማታ አብልቶ መሸኘት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰኞ ወዴት ይገባል? በማን ጣሪያ ሥር ያድራል? ኤድመንድስ ማዕዱ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳ። አብረው የበሉት አብረው የሚኖሩበት ቤት ያስፈልግ ነበር። በባለጸጋው ጆን ዲ. ሮክፌለር (ልጁ) ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢንተርናሽናል ሃውስ የተባለው መኖሪያ በኒውዮርክ ተከፈተ። ቤቱ የውጭ አገር ተማሪዎች ብቻቸውን የሚጠለሉበት አልነበረም። አሜሪካውያን ተማሪዎችም አብረዋቸው እንዲኖሩና ከአንድ ማዕድ እንዲበሉ ሆኖ የታሰበ ነበር። የቤቱ ቁም ነገርም ይህ ነበር።

ኤድመንድስ ቀጥሎ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ በርክሌይ ሄደ። በዚያ ዘመን በበርክሌይ ከእስያ ለመጣ ወይም ለጥቁር ተማሪ ክፍል የሚያከራይ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ኤድመንድስ ለቤቱ የመረጠው ቦታ ፒድሞንት ጎዳና ነው። ይህ ጎዳና የውጭ አገር ሰዎችንና ነጭ ያልሆኑትን የማያስገቡ የተማሪ ማኅበራት ቤቶቻቸውን የሠሩበት ነበር። ዳር ይዞ በጸጥታ መሥራት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ሆን ብሎ አጥሩ ከሚበረታበት መካከል ገባ።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። ከ800 የሚበልጡ ሰዎች ተሰብስበው ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ተማሪዎች በአንድ ቤት መኖራቸውን ተቃወሙ። ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸውም ሌላ ቁጣ ቀሰቀሰ። በዚያ በተቆጣ ሕዝብ ፊት ቆመው ለቤቱ ከተሟገቱት አንዷ ዴሊላ ቢዝሊ ነበረች። ቢዝሊ በኦክላንድ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ፣ የካሊፎርኒያን ጥቁሮች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1919 በመጽሐፍ ያሳተመች ጥቁር አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ናት። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1930 የበርክሌይ ኢንተርናሽናል ሃውስ በሩን ከፈተ። በ1932 ደግሞ ቺካጎ ተከተለች።

ልብ እንበል፤ እነዚያ ከ800 በላይ ሰዎች የተቆጡት ተማሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ስለተማሩ አልነበረም። የሰውን ልብ የፈተነው ጣሪያው ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በአንጾኪያ የተሰናከለው በስብከቱ ሳይሆን በማዕዱ ነበር። ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረው ሰው የወገኖቹን ዓይን ፈርቶ ገበታውን ሲለይ፣ ጳውሎስ ነገሩ ከወንጌል እውነት ጋር እንደማይሄድ በሁሉ ፊት ነገረው (ገላትያ 2፥11-14)። ወንጌል ከእነማን ጋር እንደምንበላና እንደምናድር ሳይቀር ይጠይቀናል።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአገራችን ተማሪው ከተወለደበት ርቆ ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ቋንቋቸውን ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ተደራራቢ አልጋ ይጋራል። ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን በበርካታ ግቢዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አብሮ ማደር ብቻውን ወንድማማች አያደርግም።

በግቢ ፌሎሺፕ ያለፍን እኛስ? እውነቱን እንናገር። በአንድ አዳራሽ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘምረናል፤ አብረን ጾመናል፤ አብረን አልቅሰናል። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ስንቶቻችን ዶርም ቀይረን ቋንቋችንን ወደሚናገሩት ሄድን? ስንቶቻችን የማይሰማው ልጅ አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ በራሳችን ቋንቋ እየሳቅን እራታችንን በላን? ኦርቶዶክስና ሙስሊም የክፍል ጓደኞቻችን ተኝተው ሳለ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የጸለይንባቸው ሌሊቶች አሉ። እነርሱ የሰሙት ጩኸታችንን ነው፤ ፍቅራችንን ሰምተው እንደሆነ እንጃ። እሁድን ለጌታ ሰጥተን ዶርሙን ለራሳችን አስቀርተናል። ጌታ ይቅር ይበለን። ይህን የምታነቡና እውነትን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከእኛ ጋር ኖራችሁ ከሆነ፣ እናንተንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

የኤፌሶን መልእክት በምዕራፍ 2 ክርስቶስ የጥልን ግድግዳ እንዳፈረሰ፣ እንግዶች የነበሩትንም የእግዚአብሔር ቤተ ሰው እንዳደረጋቸው ያስተምረናል። ወደዚህ ቤት ሁላችንም የገባነው በጸጋ ነው፤ የአልጋ ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም።

እንግዲህ ልጆቻችንን፣ ታናናሾቻችንን ወደ ግቢ ስንልክ ከምክራችን ጋር ይህችን ታሪክ እንስጣቸው። ግቢ ውስጥ ላላችሁም አደራችን ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን ካፌ የሚቀመጠውን ፍሬሽማን ፈልጉት፤ ስሙን በትክክል መጥራት ተማሩ፤ ጾሙንና ሰላቱን አክብሩለት፤ ከቤት የመጣውን ቆሎና በሶ አብራችሁ ብሉ። የእናንተ ወገኖች ሌላ ዶርም ሲጠሯችሁ፣ ከተመደበላችሁ ጋር ቆዩ።

ጌታ ሆይ፣ በእሁድ ዝማሬያችን መካከል ሳናየው ያለፍነውን እንግዳ አሳየን። ገበታችንንም ጣሪያችንንም የአንተ አድርግ። አሜን።