ከብራና እስከ ስልክ፦ ለአንባቢ መንገድ የማበጀት ሙያ

የተወለድኩት በወላይታ ዞን፣ በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ ቦምቤ ከተማ ነው። ሥራዬ የግብርና ምክሮችን አርሶ አደሩ በስልኩ እንዲያነባቸው አድርጎ ማዘጋጀት ነው። የመረጃ አቀራረብ ስማር ደጋግሜ የሰማኋቸው ደንቦች አሉ፦ ዋናውን ከዝርዝሩ ለይ፤ የሚዛመደውን አንድ ላይ ሰብስብ፤ ቀለምን ያለ ምክንያት አትጠቀም፤ አንባቢ የሚፈልገውን ቶሎ ያግኝ። ብዙ ሰው እነዚህን ከኮምፒውተር ጋር የመጡ ይመስሉታል። በአገራችን ግን ከሺህ ዓመት በላይ ሲሠራባቸው ኖሯል።

የብራና ጸሐፊ ፊደል ከመጣሉ በፊት የገጹን ጠርዝ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። ትልልቆቹ መጻሕፍት በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ፤ መስመሩ አጭር ስለሆነ ዓይን ወደ ቀጣዩ ሲሻገር አይስትም። ጽሑፉ በጥቁር፣ የክፍሉ መነሻና የቅዱሳን ስም በቀይ ይሆናል። ገጹ ሁሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀይ ምንም ባላመለከተ ነበር። ጥቂት ስለሆነ ነው ቆሞ የሚያነብ ካህን መነሻውን ወዲያው የሚያገኘው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል ነው። በብራናው ላይ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ዕድሜውን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ያደርሰዋል። ከወንጌሉ በፊት፣ በቀለም ካጌጡ ቅስቶች ሥር፣ የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች ተደርድረዋል። የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ አሥር ሰንጠረዦች አዘጋጀ፤ አራቱም የሚጋሩት ታሪክ በመጀመሪያው፣ አንዱ ብቻ የጻፈው በመጨረሻው ይገኛል። አንባቢ በማቴዎስ ያገኘውን ቁጥር ይዞ በሰንጠረዡ በኩል ወደ ሉቃስ ይሻገራል። ዛሬ በስልክ ሊንክ ተጭነን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ወደ ወላይታ ስመለስ ትልቁ ምዕራፍ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ መማሪያውም በግእዝ ፊደል ተዘጋጀ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ወላይትኛ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል መሰጠት ጀመረ። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር በዘመቻው የተማሩት አያት ወላይትኛን በግእዝ ፊደል ያነባሉ፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ያንኑ ቋንቋ በላቲን።

የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ሳይበላሽ የሚሄድበት መንገድ ተከፍቷል። የሁለቱ ትውልዶች ጉዳይ ግን በኮድ አይፈታም። የእንሰት አጠውልግ በሽታን እንውሰድ። በኢትዮጵያ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ የተለመደው ጽሑፍም ከዚህ ታሪክና ከባክቴሪያው ስም ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከቢላዋው ነው፤ በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚሄድባቸው ዋና መንገዶች አንዱ እሱ ነውና። ከገጹ አናት ላይ ቢጫ የሆነ ቅጠልና ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ በሥዕል ይታያል። ከሥሩ አንድ ትእዛዝ ብቻ በቀይ ይቀመጣል፦ የታመመ እንሰት የነካ ቢላዋ በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። ቀጥሎ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይገባ ማጠር። ትእዛዙ በሁለቱም ፊደል ጎን ለጎን ይጻፋል፤ አያትም የልጅ ልጅም ከአንድ ስልክ ያነቡታል።

በሁለት ፊደል ስለሚያነብ አንድ ቤተሰብ ከውጭ የመጡት የሙያው መጻሕፍት ብዙም አይነግሩንም። ከወላይታ ሶዶ ጀምሮ ይህን ሙያ የምታስተምሩ ሁሉ ትምህርቱን ከብራናውና ከመሠረተ ትምህርት መማሪያዎቹ ጀምሩት እላለሁ። ተማሪው ደንቡን ከነምክንያቱ የሚያገኘው፣ ለገዛ ወገኑ መሥራትንም የሚለምደው ከዚያ ነው።