«የንጉሥ በሽታ» እና የሽሮ ክስ

«ዩሪክ አሲድ አለብህ ተባልኩ» የሚል ሰው ያልገጠመው የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አጎት ይላል፣ የመሥሪያ ቤት አለቃ ይላል፣ አሁን አሁን ደግሞ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጓደኛም ይላል። ይሄኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ሥጋ ተው!»፣ «ቢራ ተው!»፣ «ሽሮም እኮ ያው ነው፣ ተው!» ሲባል ሰውዬው ጎመን ብቻ ይቀረዋል። በመጨረሻም «የሀብታም በሽታ ነው፣ አለፈልህ ማለት ነው» ብሎ የሚያሾፍበት አይጠፋም።

ይህ ቀልድ ዕድሜው ብዙ ነው፤ ብዙ ሰውም ጎድቷል። እስቲ ከየት እንደመጣ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሠ ነገሥቱና ጣቱ

በ2006 የስፔን ተመራማሪዎች የአንዲት ጣት ጫፍ መርምረው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ጣቷ ከሞተ 450 ዓመት ሊሆነው የተቃረበ ንጉሠ ነገሥት ጣት ናት፤ ከቀረው አስከሬን ተለይታ በትንሽ ሣጥን ስትጠበቅ ኖራለች። ሰውዬው ቻርልስ 5ኛ ነው። ስፔንን፣ ኔዘርላንድስን፣ የጣሊያንን ሰፊ ክፍል፣ የጀርመንን ዘውድና በአሜሪካ ምድር የተያዘውን ግዛት አንድ ላይ የጨበጠ ንጉሥ ነበር። በጣቱ ውስጥ ደግሞ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ተገኘ፤ አጥንቱን በልቶ አልፎ እስከ ሥጋው ዘልቋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ሲያወሩት የኖሩት በማይክሮስኮፕ ተረጋገጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ያሰቃየው ሪህ ነው።

ቻርልስ በ1500 ተወልዶ ሪህ የጀመረው በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ነበር። ሥጋና ቢራ ይወዳል። ሐኪሞቹ «ጌታዬ ቀንስ» ቢሉትም አልሰማም። ጾም ስለከበደው ከቅዱስ ቁርባን በፊት እንዲበላ ከሮማው ጳጳስ ፈቃድ እስከ መቀበል ደርሷል። በ1552 የሜትዝን ከተማ ለመክበብ ሲዘምት ሪሁ ተነስቶበት ዘገየ፤ ከበባውም ከሸፈ። በ1555 ብራስልስ ላይ ሥልጣኑን ለልጁ ሲያስረክብ በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው የአንድ ወጣት መስፍን ትከሻ ይዞ ነበር የቆመው። ከዚያ ስፔን ውስጥ ዩስቴ በተባለ ገዳም ተቀመጠ፤ የቢራ ጠማቂውን ግን አልተወውም፣ ይዞት ሄደ። በ1558 በወባ ሞተ።

ይህን የሰማ ሁሉ «በልቶ በልቶ አገኘው!» ማለቱ አይቀርም። የቻርልስ ሐኪሞችም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ከእነሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ።

ሳህኑ ሲከሰስ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የግሪኩ ሂፖክራተስ፣ ጃንደረቦች ሪህ እንደማይዛቸው፣ ሴቶችም የወር አበባቸው እስኪቋረጥ ድረስ እንደማይዛቸው አስተውሏል። (የሴቶቹን ነገር የዛሬው ሕክምናም ይስማማበታል፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወግድ ይረዳል።) በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጌለን መጣና ከመጠን ያለፈ ምግብን፣ መጠጥንና ልቅ ኑሮን ተጠያቂ አደረገ። በዘር ሊወረስ እንደሚችልም አንስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው አጥብቆ የያዘው ግን የሆዳምነቱን ክስ ነው፤ የዘሩን ነገር የሚያስታውሰው ጥቂት ሆነ።

በ1683 እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም ስለ ሪህ ዝነኛ ጽሑፍ አወጣ። እሱ ራሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሰቃየበት በሽታ ስለነበር ሌሊት የሚነሳውን ሕመም ሲገልጽ ያነበበው ሁሉ እግሩን ይሰበስባል። በ1780 ደግሞ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከሪህ ጋር የሚነጋገርበትን ቀልደኛ ጽሑፍ ጻፈ፤ እዚያ ላይ ሪህ ራሷ «ብዙ ትበላለህ፣ አትራመድም፣ ቁጭ ብለህ ቼዝ ትጫወታለህ» በሚል መንፈስ ትገስጸዋለች። ሰዓሊው ጀምስ ጊልሬይ በ1799 ያበጠ እግር ላይ ጥርሱን የተከለ ጥቁር ጋኔን ሣለ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሪህ መያዝ የጨዋ ዘር ምልክት ተደርጎ የሚታይበትም ወቅት ነበር። እንግዲህ «አለፈልህ» የሚለው ቀልድ የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም።

ኬሚስቶቹ ምን አገኙ?

ሌሎች ሰዎች ደግሞ በዝምታ ይመረምሩ ነበር። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በ1679 ከሪህ እብጠት የወጣ ነጭ ነገር በማይክሮስኮፕ አይቶ መርፌ መሳይ ክሪስታሎች አገኘ። ሼለ የተባለው ስዊድናዊ በ1776 ከሽንት ጠጠር ውስጥ ዩሪክ አሲድን ለየ። እንግሊዛዊው ወላስተን በ1797 ከሪህ እብጠት ውስጥ ያንኑ አገኘ። በ1848 ደግሞ ሐኪሙ አልፍሬድ ጋሮድ በሪህ በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ፤ በኋላ ያወጣው ቀላል ዘዴ ደግሞ የደም ውኃ ላይ አሲድ ጨምሮ ክር መንከርና ክሩ ላይ ክሪስታል እስኪይዝ መጠበቅ ነበር።

ዩሪክ አሲድ ፒዩሪን የሚባሉ ነገሮች ሲፈራርሱ የሚቀር ትራፊ ነው። ፒዩሪን ሥጋችንን ጨምሮ ሕይወት ባለው ሁሉ ውስጥ አለ። ስለዚህም ከዩሪክ አሲዳችን ሲሶ ያህሉ ከምግብ ሲመጣ፣ የቀረውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። አብዛኞቹ እንስሳት ዩሪክ አሲድን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው። የሰው ዘር ግን ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አጥቶታል፤ ስለዚህ የማስወገዱ ሥራ በአብዛኛው በኩላሊት ላይ ወደቀ። የብዙዎቹ ሪህ በሽተኞች ዋና ችግርም ኩላሊታቸው የሚገባውን ያህል አለማስወገዱ ነው። በደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ክሪስታል መሥራት ይችላል።

ጋሮድ ያስተዋለው ሌላም ነገር አለ። ከሪህ በሽተኞቹ ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው ሀብታሞች ሳይሆኑ ከእርሳስ ጋር የሚውሉ ቀለም ቀቢዎችና የቧንቧ ሠራተኞች ነበሩ። (እርሳስ ስል ብረቱን ነው፣ መጻፊያውን አይደለም።) እርሳስ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ዩሪክ አሲድ ይከማቻል። የቀን ሠራተኛው «የሀብታም በሽታ» ይዞት ቤቱ ሲማቅቅ ሥዕል የሣለለት የለም።

ሽሮ ነጻ ትውጣ?

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ወደ 47 ሺህ የሚጠጉ ወንድ የጤና ባለሙያዎችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ወጣ። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ላይ ሪህ በርትቶ ተገኘ። ወተትና እርጎ የሚያዘወትሩት ላይ ቀነሰ። ፒዩሪን አላቸው እየተባሉ የሚከለከሉት አተር፣ ባቄላ፣ ምስርና ጎመን መሳዮቹ ግን ሪህን አልጨመሩም። በዚያው ዓመት ከመጠጦች ቢራ ቀንደኛው ሆኖ ተገኘ፤ ጠንካራ አልኮል ተከተለ። በ2008 ደግሞ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ ተጨመረ፤ ፍሩክቶስ የተባለው የስኳር ዓይነት ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ያመርታል።

ጥናቱ በእኛ ሰው ላይ እንዳልተሠራ አትርሱ። ቢሆንም የዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ሕዝብ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ሥጋ በጾም የተከለከለ ነው፤ ሽሮና ምስርም በምክር ከተከለከሉ ያ ሰው ፕሮቲን ከየት ያምጣ? የሚያዋጣው ከቢራው፣ ከለስላሳው፣ ከጉበቱና ከዱለቱ መቀነስ፣ ውኃ በደንብ መጠጣት ነው። ክብደት የጨመረም ቀስ እያለ ቢቀንስ ይጠቅመዋል።

ይህም ሆኖ ምግብ የሚሠራው እስከ ልኩ ነው። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በሰዎች መካከል ለሚታየው የዩሪክ አሲድ ልዩነት እያንዳንዱ ምግብ ያለው ድርሻ ከ1 ከመቶ በታች መሆኑን፣ በዘር የሚወረሰው ግን ወደ 24 ከመቶ እንደሚደርስ አገኘ። ጥብቅ አመጋገብ ብዙ ጊዜ የሚያወርደው 1 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሪህ ለያዘው ሰው ሐኪሞች የሚፈልጉት ከ6 በታች ነው። እስቲ አስሉት፤ 9 ያለው ሰው ሁሉን ትቶ፣ ሠርግ ላይ ውኃ ጠጥቶ፣ ፋሲካን በጎመን አሳልፎ 8 ላይ ይቆማል። ከዚያ እግሩ እንደገና ሲያብጥ «ተደብቆ በልቶ ነው» ይባላል።

መድኃኒቱ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ አለ። አሎፑሪኖል ይባላል፤ ከጀርባው ያሉት ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 ኖቤል ተሸልመዋል። ቻርልስ 5ኛ ግዛቱን ሁሉ ቢሸጥ የማያገኘውን ነገር ዛሬ ሐኪም በወረቀት ይጽፈዋል። ብዙ ሰው ግን ወደ ሐኪም አይሄድም። በሽታው የሆዳምነት ቅጣት ነው ብሎ ካመነ ምን ብሎ ይሂድ? ያፍራል፣ ማስታገሻ ይውጣል፣ ሕመሙ ሲያልፍ ይረሳዋል፤ ክሪስታሉ ግን ጸጥ ብሎ መገጣጠሚያውን ይበላል።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሕመም የሌለበት ሁሉ ሪህ ይዞታል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳያማቸው ይኖራሉ። የእግሩ አውራ ጣት በሌሊት የሚያብጥበት አጎት ካላችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በሕመሙ ሰሞን የተደረገ የደም ምርመራ ትክክለኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ካለፈለት በኋላ ይድገመው። እስከዚያው «የሀብታም በሽታ» የሚለውን ቀልድ ዋጡት፤ ሽሮውንም መልሱለት።