ከናይሮቢ እስከ አዋሽ፦ በ1933ቱ ዘመቻ የመሐንዲስ ጦር ድርሻ

ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይህ ዘመቻ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው ፍጥነቱ ነው፤ በ53 ቀን ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሞተበት፣ የቆሰለበት፣ የጠፋበትና የተማረከበት ተደምሮ 501 ሰው ብቻ ነበር። ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የጣሊያን ጦር ሞራል መውደቁን ነው። ምክንያቱ እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም። እኔ እንደማየው ፍጥነቱ የተገነባው የመጀመሪያው ጥይት ሳይተኮስ በፊት፣ በዶማና በመቆፈሪያ ነው።

የዘመቻው አዛዥ የጄኔራል አላን ካኒንግሃም ጠቅላይ መምሪያ ናይሮቢ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ናንዩኪ ላይ ያበቃል። ከናንዩኪ ወዲያ ያለው ኢሲዮሎ፣ ማርሳቢትና የጫልቢ በረሃ ነው። በምሥራቅ በኩልም በጋሪሳ የኬንያው ታና ወንዝ ከታለፈ በኋላ እስከ ሶማሊያ ድንበር ድረስ ያለው አገር ውሃ የማይገኝበት ቁጥቋጦ ነው። በበጋ አቧራው ሞተር ያፍናል፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃው የጭነት መኪናን እስከ ሆዱ ይይዛል። በ1932 ክረምት ኬንያ መግባት የጀመረው የደቡብ አፍሪካ ጦር መሐንዲሶቹን ይዞ መጣ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከማዕድን ማውጫና ከመንገድ ሥራ የተመለመሉ ባለሙያዎች ነበሩ። መንገድ ጠረጉ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዎቻቸውም ቦታ እየመረጡ ጉድጓድ አስቆፈሩ።

የውሃው ነገር ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። በዚያ በረሃ ውሃ የሚጠጣው ወታደሩ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው ራዲያተርም ይጠጣል። ውሃ በቦቴ ይመላለስ ቢባል ቦቴው ራሱ በመንገድ ላይ ነዳጅና ውሃ ይፈጃል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ለሚጠብቀው ጦር የሚደርሰው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ውሃ ሲያወጣ ጦሩ ወደፊት የሚሰፍርበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። የዘመቻውን ካርታ የውሃ ጉድጓዶቹን ተከትሎ ያነበበ፣ ጄኔራሎቹ የት መሄድ ይችሉ እንደነበር ይገባዋል።

ዘመቻው ሲጀመር፣ የካቲት 11 ቀን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ያለችው ሜጋ የተያዘችው በዝናብና በብርድ ውስጥ፣ ዙሪያዋ በፈንጂ ታጥሮ ሳለ ነው። በዚሁ ግንባር በኬንያ በስደት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን የተመለመሉ ጓዶችም ተሰልፈዋል። በዚያው ሰሞን በምሥራቁ ግንባር፣ በሶማሊያ በጁባ ወንዝ ላይ፣ ዮንቴ ላይ፣ እግረኛው በጀልባ ተሻገረ፤ መሐንዲሶቹም ተከትለው ተንሳፋፊ ድልድይ ዘረጉ። ሞቃዲሾ የካቲት 18 ተያዘች። ከዚያ ወደ ጅጅጋ የነበረው ጉዞ ፈጣን ነበር፤ ጣሊያኖች ራሳቸው የሠሩት መንገድ አገልግሏልና።

ከጅጅጋ በስተ ምዕራብ ካለው ከማርዳ በር በኋላ ግን ጣሊያኖች መንገዳቸውን በድማሚት ማፍረስ ያዙ። ሐረር መጋቢት 17 ተያዘች። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በየቦታው ተንዶ ስለነበር መሐንዲሱ ከእግረኛው ጋር ድንጋይ እየተሸከመ ገደሉን ሞላ፤ መጋቢት 20 ድሬዳዋ ተገባ። አዋሽ ላይ የመኪናውም የባቡሩም ድልድይ ፈርሶ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ እግረኛ ጦር መጋቢት 25 ወንዙን ተሻገረ፤ በሦስተኛው ቀን ዋና ከተማዋ ተያዘች።

የሥራው ጉልበት በአብዛኛው የአፍሪካውያን ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ወታደራዊ የጉልበት አገልግሎት ከየመንደሩ የሰበሰባቸው ሰዎች ድንጋይ ፈለጡ፣ ጭነት ተሸከሙ፣ መንገድ ደለደሉ። በእንግሊዝኛ በተጻፈው የጦርነቱ ታሪክ ግን የደቡብ አፍሪካው መሐንዲስ በስሙ ሲጠራ እነዚህ ሰዎች በጥቅሉ «ጉልበት» ተብለው ይታለፋሉ። ይህን እንደ ግድፈት ሳይሆን እንደ በደል እቆጥረዋለሁ። እኛም በአማርኛ ስንጽፍ ደግመነዋል፤ የጄኔራሉን ስም አጥርተን ይዘን፣ ካኒንግሃም የመጣበትን መንገድ የደለደለውን ዘንግተናል።

ናይሮቢ ኬንያታ ጎዳና ላይ የቆሙት ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አፍሪካውያን መታሰቢያ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ መሣሪያ ያነገበ ሳይሆን ጭነት ተሸካሚው ነው። የ1933ቱ መንገድ ጠራጊ ግን እንዲህ ያለ ሐውልት የለውም። ዛሬ ከሞያሌ ተነሥቶ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ በአስፋልት የሚያልፈው እነዚያ ሰዎች መንገድ በጠረጉበት አገር ነው።