ደመወዝና ድል፤ ከአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ታሪክ

(በሬዲዮ ከተደረገው ንግግር የተወሰደ)



«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት ነውን? ብዙ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሥራውን ከሌላው አብልጦ ይሠራልን? ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅትስ ከባልንጀራው ቀድሞ ይገኛልን? ይህ በየመሥሪያ ቤቱ፤ ይልቁንም በወር መጨረሻ፤ የሚነሣ ጥያቄ ነው። መልሱን ማግኘት የሚያስቸግረውም የብዙ ሰው የሥራ ፍሬ በቍጥር የማይመዘን ስለ ሆነ ነው። አንድ ጸሐፊ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አሸነፈ፤ ስንት ጊዜስ ተሸነፈ ብሎ የሚቈጥር ማን ነው?

ይሁን እንጂ ከአንድ መቶ አምሳ ዓመት በላይ የሥራው ፍሬ በየቀኑ ሲቈጠርና ሲመዘገብ የኖረ አንድ ሞያ አለ። ይኸውም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚዘወተረው የቤዝቦል ጨዋታ ነው። በዚህ ሞያ ማን እንዳሸነፈ ሁሉ ያውቃል፤ ለማን ምን ያህል እንደ ተከፈለም ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ታሪክ ምስክር አድርገን ጥያቄውን ልንመረምር እንወዳለን። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ጨዋታውን ለማያውቁ አድማጮቻችን ጥቂት እንግለጽ። ቤዝቦል ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች የሚወዳደሩበት ጨዋታ ነው። የአንደኛው ቡድን ወርዋሪ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ ኳሱን በእንጨት ዱላ መትቶ በሜዳው ላይ ምልክት በተደረገባቸው በአራት ማረፊያዎች ዙሪያ ይሮጣል። ዙሩን ጨርሶ ወደ ተነሣበት የተመለሰ ሰው ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስቈጥራል።

ጨዋታው በመጀመሪያ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ስለ ነበረ ለመጫወት ገንዘብ መቀበል እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። በስውር የሚከፍሉ ክለቦች ባይጠፉም፤ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በግልጽ ደመወዝ የቈረጠው የመጀመሪያው ክለብ የሲንሲናቲ ከተማው «ሬድ ስቶኪንግስ»፤ ማለት «ቀይ ካልሲዎች» ነው። ዘመኑም 1869 ነበር። የቡድኑ መሪ ሚስተር ሃሪ ራይት በእንግሊዝ አገር የተወለዱ፤ ቀድሞ የክሪኬት ተጫዋች የነበሩ ሰው ናቸው። ለእርሳቸው በዓመት 1,200 ዶላር፤ በችሎታው ከሁሉ ለላቀው ለታናሽ ወንድማቸው ለጆርጅ 1,400 ዶላር ተቈረጠ። የመላው ቡድን ደመወዝ ተደምሮ 10,000 ዶላር አይሞላም ነበር። ቡድኑም ከምሥራቅ እስከ ካሊፎርኒያ እየተዘዋወረ 57 ግጥሚያዎች አሸንፎ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ዓመቱን ፈጸመ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ጁን 14 ቀን 1870 ቡድኑ በብሩክሊን አትላንቲክስ 8 ለ7 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻም የክለቡ ሹማምንት ወጪው ከበደን ብለው ባለደመወዙን ቡድን በተኑት። ሚስተር ራይት ወንድማቸውንና ከተጫዋቾቹ ጥቂቶቹን ይዘው ወደ ቦስተን ሄዱ፤ በዚያም ከ1872 እስከ 1875 ለአራት ዓመታት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያን ጊዜ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ቦስተን ብቻ አልነበረም፤ ተወዳዳሪዎቹም ይከፍሉ ነበር። ድሉ የሄደው እንግዲህ ከገንዘቡ ጋራ ብቻ ሳይሆን ሰው መምረጥና ማሠልጠን ከሚያውቁት መሪ ጋራ ነበር።

በ1876 «ናሽናል ሊግ» የሚባለው የክለቦች ማኅበር ተቋቋመ። በ1879 ባለቤቶቹ ተሰብስበው እያንዳንዱ ክለብ አምስት አምስት ተጫዋቾችን ለራሱ እንዲያስቀር፤ ሌላውም ክለብ እነርሱን እንዳይቀጥር ተስማሙ። ዓላማው ደመወዝ እንዳይጨምር መግታት ነበር። ይህም ስምምነት ቈይቶ በየተጫዋቹ ውል ውስጥ እንደ አንቀጽ ገብቶ ሁሉንም አሰረ። ተጫዋቹ ክለቡ ካልለቀቀው ወይም ካልሸጠው በቀር ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ለ1889 ደግሞ ባለቤቶቹ ተጫዋቾቹን በአምስት ደረጃ ከፍለው ለዝቅተኛው 1,500፤ ለከፍተኛው 2,500 ዶላር ወሰኑ፤ ደረጃውም የሚሰጠው በችሎታ ብቻ ሳይሆን በጠባይም ጭምር ነበር። በዚህ የተቈጣው ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ፤ ተጫዋችም የሕግ ምሩቅም የነበረው፤ ባልንጀሮቹን አስተባብሮ በ1890 የተጫዋቾችን ሊግ አቋቋመ። ሊጉ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አልቈየም። በ1922ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ንግድ ሞኖፖል የወጣው ሕግ ቤዝቦልን አይመለከትም ብሎ ፈረደ።

ከዚህ የተነሣ ወደ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ደመወዝ የችሎታ መለኪያ መሆኑ ቀረ። ተጫዋቹ የሚያገኘው ችሎታው የሚያወጣውን ሳይሆን ባለቤቱ ሊሰጠው የፈቀደውን ነበር። በ1974 ጄራልድ ስካሊ የተባሉት የኤኮኖሚ ሊቅ ተጫዋቾች ለክለባቸው የሚያስገኙትን ገቢ ከሚከፈላቸው ደመወዝ ጋራ አስተያይተው፤ የሚከፈላቸው ካስገኙት እጅግ ያነሰ መሆኑን አስረድተዋል።

ሆኖም በዚያ ዘመን እንኳ ደመወዝን መንፈግ የሚያመጣውን ጉዳት የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ሚስተር ኮኒ ማክ የሚመሩት የፊላዴልፊያ አትሌቲክስ በ1910፤ በ1911ና በ1913 «ወርልድ ሲሪስ» የሚባለውን የመጨረሻውን የሻምፒዮና ውድድር አሸነፈ። በ1914ም 99 ጊዜ አሸንፎ የሊጉ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት «ፌዴራል ሊግ» የሚባል አዲስ ተወዳዳሪ ተነሥቶ ተጫዋቾችን በብዙ ደመወዝ ይጠራ ጀመር። ሚስተር ማክ ከዚህ ጋራ ሊወዳደሩ ስላልፈለጉ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዳንዶቹን ሸጡ፤ አንዳንዶቹንም ለቀቁ። በ1915 ቡድኑ 43 ጊዜ አሸንፎ 109 ጊዜ ተሸነፈ፤ ከዚያም እስከ 1921 ለሰባት ዓመታት በተከታታይ የሊጉ መጨረሻ ሆነ።

ገንዘብ በመልካም ሲሠራበት ምን እንደሚያፈራ ደግሞ የኒውዮርክ ያንኪስ ታሪክ ያሳያል። ይህ ክለብ ቤብ ሩትን ከቦስተን ሬድ ሶክስ በ100,000 ዶላር በ1919 መጨረሻ ሲገዛ አንድም ጊዜ የሊግ አሸናፊ ሆኖ አያውቅም ነበር። በ1921 የሊጉን፤ በ1923 የወርልድ ሲሪስን ድል አገኘ። የሩትም ደመወዝ በ1930 እስከ 80,000 ዶላር ደረሰ። ነገር ግን ያንኪስ ከቦስተን የወሰደው ሩትን ብቻ አይደለም። ወርዋሪ የነበረውን ሩትን ወደ መቺነት እንዲዞር ያደረጉትን ሚስተር ኤድ ባሮውንም በ1920 ሥራ መሪ አድርጎ ወሰዳቸው። ታላቁን ተጫዋች የገዛ ክለብ ታላቁን መራጭም አብሮ ወሰደ ማለት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ በ1933 ሚስተር ቶም ያውኪ የተባሉ ወጣት ባለጠጋ ያንኑ የቦስተን ሬድ ሶክስ ገዙ። ሜዳውን አደሱ፤ ሌፍቲ ግሮቭንና ጂሚ ፎክስን የመሳሰሉትን ዝነኞች አስመጡ፤ ለጆ ክሮኒን ብቻ ከ200,000 ዶላር በላይ ከፈሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶ ክለቡ የሊግ አሸናፊ የሆነው በ1946 ነው፤ ማለት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ።

በዚሁ ዘመን ሚስተር ብራንች ሪኪ የሚመሩት የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ዝነኛ ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረው፤ ትናንሽ ክለቦችን እየያዘ ወጣቶችን ከታች ያሳድግ ነበር። በዚህም ዘዴ በ1926፤ በ1931ና በ1934 የወርልድ ሲሪስ ባለድል ሆነ። ሚስተር ሪኪ ቈይተው ወደ ብሩክሊን ዶጀርስ ሲዛወሩ ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠሩ። በዚያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን በቀለማቸው ምክንያት ከታላላቆቹ ሊጎች ተከልክለው በራሳቸው ሊጎች ብቻ ይጫወቱ ነበር። በ1945 የቦስተን ሬድ ሶክስ ጃኪ ሮቢንሰንን በራሱ ሜዳ ፈትኖ ሳይቀጥረው ሰደደው። በዚያው ዓመት ሚስተር ሪኪ ቀጠሩት፤ በ1947ም በ5,000 ዶላር ደመወዝ ለብሩክሊን ተሰለፈ። ብሩክሊን ከ1947 እስከ 1956 ባሉት አሥር ዓመታት ስድስት ጊዜ የሊግ አሸናፊ ሆነ፤ በ1955ም የወርልድ ሲሪስን ድል አገኘ። የቦስተን ክለብ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው ግን በ1959 ነው፤ ከሁሉም ክለቦች መጨረሻ። ሰውን በችሎታው ሳይሆን በቀለሙ የሚያይ ዓይን የቱንም ያህል ገንዘብ ቢይዝ የሚገዛውን አያውቅም።

የነጻነቱ ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1969 የካርዲናልስ ተጫዋች ከርት ፍለድ ሳይጠየቅ ወደ ፊላዴልፊያ ተላለፈ። ደመወዙ 90,000 ዶላር ነበርና የተከራከረው ስለ ገንዘብ ማነስ አይደለም፤ ሰው እንደ ዕቃ ሊሸጥና ሊለወጥ አይገባም ሲል ነበር። በ1972 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ሆኖም ከ1966 ጀምሮ በሚስተር ማርቪን ሚለር የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ትግሉን ቀጠለ፤ በዲሴምበር 1975 ፒተር ሳይትዝ የተባሉት የግልግል ዳኛ አሮጌው አንቀጽ ተጫዋቹን ለዘለዓለም ሊያስር አይችልም ብለው ፈረዱ። በ1975 ወደ 45,000 ዶላር ያህል የነበረው የአንድ ተጫዋች አማካይ ደመወዝ በ1992 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

ባለቤቶቹ ተጫዋች ነጻ ከወጣ ባለጠጎቹ ክለቦች ድሉን ሁሉ ይወስዱታል ብለው ይከራከሩ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ1978 እስከ 1987 ባሉት አሥር ዓመታት አሥር ልዩ ልዩ ክለቦች የወርልድ ሲሪስን አሸነፉ። በኋላ የቴሌቪዥን ገቢ ሲያድግና በክለቦች መካከል ያለው የሀብት ልዩነት ሲሰፋ የገንዘብ ኀይል ጐልቶ ታየ፤ ያንኪስም በ1996፤ በ1998፤ በ1999ና በ2000 አሸነፈ። ነገር ግን በ2002 ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ የከፈለው ያንኪስ 103 ጊዜ ሲያሸንፍ፤ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ብቻ የከፈለው የኦክላንድ አትሌቲክስም እንዲሁ 103 ጊዜ አሸነፈ። የኦክላንድ መሪዎች ሌሎች ክለቦች በርካሽ የሚገምቱትን ችሎታ በቍጥር እየመረመሩ ይፈልጉ ነበር።

በዚያው በ2002 ስቲቨን ሆል፤ ስቴፋን ሺማንስኪና አንድሩ ዚምባሊስት የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ከ1980 እስከ 2000 ያለውን መዝገብ መርምረው ነበር። በ1990ዎቹ ደመወዝና ድል አብረው የመሄዳቸው ነገር እየጠነከረ መምጣቱን አገኙ። ደመወዝ ድልን ያስከትላል የሚል ማስረጃ ግን በጠቅላላው ዘመን ውስጥ በቤዝቦል አላገኙም። ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ታዩ አንዱ የሌላው አባት ነው ማለት አይደለም። ቡድን ሲያሸንፍ ሜዳው ይሞላል፤ ተጫዋቾቹም ጭማሪ ይጠይቃሉ፤ እንዲህም ሲሆን ድሉ ይቀድማል፤ ደመወዙ ይከተላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ነጻነት የሚገኘው በታላላቆቹ ሊጎች ስድስት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወጣቱ በኀይሉ ወራት በጥቂት ይከፈለዋል፤ ትልቁን ውል የሚፈርመውም ብዙ ጊዜ ጕልበቱ መቀነስ ሲጀምር ነው። ክለቡ የሚከፍለው ለትናንቱ ሥራ ሲሆን፤ ጨዋታው የሚደረገው ግን ዛሬ ነው።

የቅርብ ዘመንም ምስክርነት እንደዚሁ ሁለት ወገን አለው። በ2023 የኒውዮርክ ሜትስ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማያውቅ ደመወዝ ከፍሎ 75 ጊዜ አሸንፎ 87 ጊዜ ተሸነፈ፤ ከዝቅተኛ ከፋዮች አንዱ የነበረው የባልቲሞር ኦሪዮልስ 101 ጊዜ አሸነፈ። በ2024ና በ2025 ደግሞ ከታላላቆቹ ከፋዮች አንዱ የሆነው የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በተከታታይ የወርልድ ሲሪስን ድል ወሰደ። በሌላ በኩል በ1997 ሻምፒዮን የነበረው የፍሎሪዳ ማርሊንስ፤ ባለቤቱ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ቡድኑን በበተኑ ማግስት፤ በ1998 108 ጊዜ ተሸነፈ። የፊላዴልፊያው ታሪክ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ተደገመ።

እንግዲህ አድማጮቻችን፤ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ይህ ነው። ብዙ ደመወዝ ምርጫን ያሰፋል እንጂ መራጭን አይተካም። ያውኪ የነበራቸውን ገንዘብ ሪኪ አልነበራቸውም፤ ሪኪ የነበራቸውን ዓይን ግን ገንዘብ አልገዛውም። የተገኘውን ችሎታ የሚገባውን ነፍጎ መበተን ደግሞ ለብዙ ዘመን የተሠራውን በአንድ ዓመት ያፈርሳል፤ ማፍረሱ ከመሥራቱ ይልቅ እጅግ ቀላል መሆኑን ሁለቱ ክለቦች አሳይተዋል። ከዚህም በላይ ፍለድ የተከራከረበት ጉዳይ በነጥብ ብዛት የሚለካ አይደለም። ለሠራተኛ የሚገባውን መክፈል ድል ያመጣል ተብሎ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ድካሙ የራሱ ስለ ሆነ የሚገባው ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ ይኖር ይሆናል፤ መንገዱን የሚያውቅ መሪና የሚገባውን ያገኘ መንገደኛ ግን ያስፈልጉታል።