ከፌርፋክስ እስከ ዩማ፦ የእስር ቤት ጣረሞትና የፈረሰው ከርቸሌ

ሎስ አንጀለስ የስደተኛ ጸሐፍት መጠጊያ የሆነችው እኛ ኢትዮጵያውያን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከመስፈራችን እጅግ አስቀድሞ ነው። የከተማይቱ ምክር ቤት ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለችውን የፌርፋክስን ቁራጭ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚያ 95 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1907፣ በዚችው ከተማ ሦስት የሜክሲኮ ስደተኞች በጉልበት ተይዘው ወደ እስር ቤት ተወስደዋል። ሪካርዶ ፍሎሬስ ማጎን፣ ሊብራዶ ሪቬራና አንቶኒዮ ቪላሬያል ይባላሉ። ጥፋታቸው በአምባገነኑ በፖርፊሪዮ ዲያዝ ላይ ጋዜጣ ማተማቸውና አመፅ ማደራጀታቸው ነበር። አድነው የያዟቸውም የዲያዝ መንግሥት በገንዘቡ የቀጠራቸው የአሜሪካ የግል መርማሪዎችና የከተማይቱ ፖሊሶች በአንድነት ሆነው ነው። የመያዣ ትእዛዝ እንኳ በእጃቸው አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ ለእናንተ እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም። ከምርጫ 97 በኋላ የቅንጅት መሪዎች በአገር ክህደት ሲከሰሱ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ጋዜጠኞችና የድርጅት ሰዎችም በሌሉበት ስማቸው ከክሱ መዝገብ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ደግሞ አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ከሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው አዲስ አበባ እስር ቤት ገቡ፤ የተፈቱትም በሜይ 2018 ነው። ስደተኛን ከተጠጋበት አገር ድረስ ተከትሎ መልቀም ወያኔ የፈለሰፈው ጥበብ እንዳልሆነ ለመረዳት የማጎንን ታሪክ ማንበብ ይበቃል።

ሦስቱ ሰዎች ሎስ አንጀለስ ወህኒ ቤት ውስጥ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆዩ። በ1909 የአሜሪካን የገለልተኝነት ሕግ ጥሳችኋል ተብለው አሪዞና ውስጥ ቱምስቶን በምትባል የማዕድን ከተማ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም 18 ወር ነበር። ከዚያ የተላኩት ወደ ዩማ ነው። ዛሬ የዩማን እስር ቤት ስም በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው «ጣረሞት የሚታይበት» የሚለውን ነው። እኔ ግን የሄድኩት ማጎንን ፍለጋ ነበር።

ከፌርፋክስ ዩማ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 10 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ በመጀመሪያ የፓልም ስፕሪንግስ የነፋስ ወፍጮዎች፣ ቀጥሎ የኢንዲዮ የተምር ዛፎች ይመጣሉ። ከዚያ መንገዱ ወደ ደቡብ ታጥፎ የሳልተንን የጨው ባሕር ዳር ዳሩን ይከተላል። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ይህ መንገድ ረጅም ነው። ጓደኛዬ የነበረው አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ብቻ ነበር። ከኢምፔሪያል ሸለቆ የአትክልት እርሻ በኋላ ምድሩ በድንገት አሸዋ ብቻ ይሆናል፤ በስተቀኝ የሜክሲኮ ድንበር አጥር ይታያል። አሸዋው አልቆ የኮሎራዶን ወንዝ እንደተሻገሩ፣ ከወንዙ በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ቆሞ የሚቀበልዎ የወህኒው የጥበቃ ማማ ነው።

እስር ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1876 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት እስረኞች የተቆለፈባቸው በገዛ እጃቸው በሠሩት ክፍል ውስጥ ነው። እስከተዘጋበት እስከ 1909 ድረስ 3,069 ሰዎች ገብተውበታል፤ ከእነዚህም 29ኙ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች ቢሆኑም፣ ከአንድ በላይ ሚስት በማግባታቸው የተፈረደባቸው የሞርሞን እምነት ተከታዮችም ይገኙባቸዋል። በእስር ላይ ሳሉ የሞቱት 111 ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የፈጃቸው የሳንባ ነቀርሳ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ስድስት ሰው ይተኛ ነበር። የዩማ ሙቀት ምን እንደሚመስል ጅቡቲን ወይም መተማን የሚያውቅ ይገምተው።

የጣረሞቱ ወሬ የሚበረታው ግን «ጨለማው ክፍል» በሚሉት ቦታ ነው። ከኮረብታው ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ ዋሻ ሲሆን፣ በውስጡ የብረት ቀፎ ነበረበት። ደንብ የጣሰ እስረኛ በቀን አንድ ጊዜ ዳቦና ውኃ እየተሰጠው እዚያ ይዘጋበት ነበር። በዚያ ክፍል ዛሬ ጎብኚዎችን የሚቆነጥጥ የሕፃን መንፈስ አለ፣ ቀይ ልብስም ይወዳል ይላሉ። አንዲት ጋዜጠኛም ሁለት ቀን እዚያ ለማደር ገብታ «ከእኔ ጋር ሌላ ሰው አለ» በማለት 37 ሰዓት ላይ ወጣች እየተባለ ይወራል። እኔን ማንም አልቆነጠጠኝም። ያስደነገጠኝ የክፍሉ ስም ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2013 ስለ ማዕከላዊ ባወጣው ዘገባ የእስር ክፍሎቹን ስም ዘርዝሯል፦ «ጣውላ ቤት»፣ «ሸራተን»፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ «ጨለማ ቤት»። የዩማው ጨለማ ክፍል በር ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛው በዚያው ዓመት ሰው ነበረበት።

ዩማ ከተዘጋ በኋላ የደረሰበትም መነገር አለበት። ከ1910 እስከ 1914 የከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ያስተምር ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን እስከ ዛሬ «ወንጀለኞቹ» ተብሎ ይጠራል። (አበሻ ልጁን እንዲህ ባለ ስም አያስጠራም!) ኋላም መጠለያ የሌላቸው ድሆች አደሩበት፤ የሰፈሩ ሰው ድንጋዩን እየነቀለ ቤት ሠራበት፤ የባቡር ሐዲድም ከፊሉን በላው። የተረፈውን ሕዝቡ ሙዚየም አደረገው። በ2010 ግዛቲቱ ገንዘብ አጥሮኛል ብላ ልትዘጋው ስትል የከተማው ነዋሪዎች አዋጥተው አዳኑት። በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የእስረኞቹ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ መዝገቡ የአንድን ተራ የፈረስ ሌባ ጥፋትና መልክ ሳይቀር ይዟል። እርግጥ አብረውኝ የሚዞሩት ጎብኚዎች የሚጠያየቁት ስለ ጣረሞቱና የፖስታ ሠረገላ ስለ ዘረፈችው ስለ ፐርል ሃርት ነበር፤ ስለ ማጎን የጠየቀ አልሰማሁም። ቢሆንም ሊጠይቅ ለሚመጣ ሰው ድንጋዩም መዝገቡም በቦታቸው አሉ።

እኛስ? ከርቸሌ፣ ስሙን ከጣልያንኛው «ካርቸሬ» የወረሰው፣ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ያለው ወህኒ ቤት፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር። ዓለም በቃኝ ብሎ የሚመንን መነኩሴ በፈቃዱ ነው፤ እዚያ የገባው ግን ሳይወድ ነው የመነነው። (አደባባዩ ሜክሲኮ የተባለው ያች አገር የፋሺስትን ወረራ አልቀበልም ስላለች ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲም «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። የማጎን አገርና የከርቸሌ ሰፈር እንዲህ ይገናኛሉ።) ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ እነ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ስልሳዎቹ የሚባሉትን ያለ ፍርድ ሲገድል፣ የተረሸኑትና በጅምላ የተቀበሩት በዚያው ግቢ ነው። አፅማቸው የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ንጉሡ አሰሩበት፣ ደርግ አሰረበት፣ ኢሕአዴግም አሰረበት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈረሰ። በቦታው ቻይና ያሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጃንዋሪ 2012 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ኅብረቱ ለሰብዓዊ መብት ረገጣ ሰለባዎች መታሰቢያ የሚሆን የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጡን አልክድም። ነገር ግን የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው የእውነተኛው ግድግዳ ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ነው።

ጣረሞት የሚታየው ቤት ሲኖር ነው። ከርቸሌ ውስጥ የሞተ ሰው መንፈስ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ የሚመላለሰው በስብሰባ አዳራሽና በመኪና ማቆሚያ ውስጥ በሆነ ነበር። ቀይ ሽብርን በተመለከተ በ2010 በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የሰማዕታት ሙዚየም ትልቅ ሥራ ነው፤ የሞላው በተጎጂዎች ቤተሰቦች ጥረት ነው። ማዕከላዊ ግን ሙዚየም ይሆናል ተብሎ በጃንዋሪ 2018 ቃል ተገብቶለት፣ በ2019 ለጥቂት ቀናት ሕዝብ እንዲያየው ተከፈተ። ሰዉም የነበረበትን ክፍል ለልጁ ለማሳየት ጎረፈ። አሁንም ቢሆን እስር በሌላ ስፍራ ቀጥሏል፤ በኦገስት 2023 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተያዙ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች የተጋዙት ወደ አዋሽ አርባ በረሃ ነበር።

ማጎን በ1910 ከአሪዞና ተፈትቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሰ፤ ጋዜጣውንም ማተም ቀጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አብዮቱ ፈነዳ፤ በሜይ 1911 ዲያዝ ራሱ ስደተኛ ሆኖ ወደ ፓሪስ ሄደ። ማጎን ግን አገሩን በሕይወት አላየም። ከአዲሶቹ ገዢዎችም ጋር ስላልተስማማ፣ አሜሪካም እንደገና ስላሰረችው፣ በ1922 ካንሳስ ውስጥ በሌቨንወርዝ እስር ቤት ሞተ። ሜክሲኮ የገባው አስከሬኑ ነው።

ፌርፋክስ ላይ ቡና ከሚጠጡት አዛውንት መካከል በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ታስረው የወጡ አሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የገቡበትን ቀን፣ የክፍሉን ስም፣ አብሯቸው ገብቶ ያልወጣውን ሰው ስም ከገዛ አንደበታቸው መቅዳት የሚፈልግ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ይገኛሉ።