በኦቶማን ልብስ ስለ ተሣሉ አውሮፓውያን

በ18ኛው ምእተ ዓመት አያሌ አውሮፓውያን መኳንንትና ወይዛዝርት ጥምጥም ጠምጥመው፣ ካፍታን ደርበው መልካቸውን አሥለዋል። የልብስን ታሪክ የሚመረምር ተማሪ እነዚህን ሥዕሎች ለምስክርነት ከመጥራቱ በፊት፣ ቃላቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን መመዘን ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የኦቶማን ጦር በ1683 ከቪየና ቅጥር ሥር ድል ሆኖ ከተመለሰና በ1699 የካርሎዊትዝ ውል ከተፈረመ በኋላ፣ ቀድሞ ያስፈራ የነበረው መንግሥት ለአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች መደነቂያና መጫወቻ እየሆነ ሄደ። በዚያው በ1699 ሠዓሊው ዣን ባፕቲስት ቫንሙር ከፈረንሳይ አምባሳደር ከፌሪዮል ጋር ቍስጥንጥንያ ገባ፤ በ1737 እስኪሞት ድረስም በዚያ ኖረ። አምባሳደሩ ያሣሏቸው የአልባሳት ሥዕሎች በ1714 በፓሪስ በመታተማቸው፣ ምሥራቅን ረግጠው የማያውቁ ሠዓሊዎች ከእነርሱ ይቀዱ ጀመር።

የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት እመቤት ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1717 አካባቢ ከልጃቸው ጋር የተሣሉበት ሥዕል የቫንሙር ሥራ ነው ይባላል። እመቤቲቱ ልብሱን በእርግጥ ለብሰውታል፤ ሱሪውን፣ ካፍታኑንና መታጠቂያውን ለእኅታቸው በጻፉት ደብዳቤ አንድ በአንድ ዘርዝረዋል፤ ወንድ መንገደኛ ወደማይደርስበት የሴቶች እልፍኝም ገብተዋል። በአንጻሩ ካርል ቫን ሎ በ1750ዎቹ ማዳም ደ ፖምፓዱርን ቡና የምትቀበል ሱልጣና አስመስሎ ሲሥል ቱርክን አላየም። ስለዚህ የእርሱ ሥዕል የሚመሰክረው ለፓሪስ ምኞት እንጂ ለቍስጥንጥንያ ስፌት አይደለም።

ይሁን እንጂ ልብሱ እውነተኛ መሆኑ ብቻ ምስክርነቱን ሙሉ አያደርገውም። በኦቶማን ግዛት ልብስ የሃይማኖትና የማዕርግ ምልክት ነበረ፤ ሙስሊም ላልሆኑ ዜጎች የተከለከሉ ቀለማትና ጥምጥሞች ነበሩ። የጄኔቫው ተወላጅ ዣን ኤትየን ሊዮታር ከ1738 እስከ 1742 በቍስጥንጥንያ ተቀምጦ፣ በ1743 ቪየና ሲደርስ ጢሙን አሳድጎ በቱርክ ልብስ ይታይ ነበር፤ «ቱርካዊው ሠዓሊ» መባሉም ለዝናው ረዳው። በቍስጥንጥንያ ማዕርግን የሚለይ የነበረው ልብስ በቪየና የገበያ ምልክት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሥዕሉ የጨርቁን ዐይነትና የስፌቱን ቅርጽ ሊያሳየን ይችላል፤ ልብሱን ለመልበስ ማን መብት እንደ ነበረውና ማን እንደ ተከለከለ ግን አይነግረንም። ይህን ከሕጉና ከባለ አገሮቹ ጽሑፍ ያልጠየቀ ተመራማሪ፣ የእንግዳውን ጨዋታ የባለቤቱ ሥርዐት አድርጎ ይጽፋል።