አድራሻው ከቁልፍ፣ ቁልፉስ ከየት? የክሪፕቶ አድራሻን በኮድ ስለማመንጨት

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የካርዳኖ ብሎክቼይን ገንቢ የሆነው አይኦኤችኬ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ መስማማቱን አስታወቀ። የእብናት ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ሲጠይቅ ማስረጃው እዚያው እንዲረጋገጥለት ያስችላል የተባለ አሠራር ነበር። በወቅቱ ስለ ተማሪዎቹ ብዛት ብዙ ተባለ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሥርዓቱ መሠረት የሆነው የግል ቁልፍ፣ ማለትም ባለቤትነት የሚረጋገጥበት ምስጢራዊ ቁጥር፣ አመነጫጨት ነው፤ ይህንንም በቢትኮይን ማሳየት ይቀላል።

የቢትኮይን የግል ቁልፍ 256 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ነው። ኮዱ ቁጥሩን ሴክፒ256ኬ1 በተባለው ኩርባ ላይ ካለው መነሻ ነጥብ ጋር አባዝቶ ይፋዊውን ቁልፍ ያገኛል። ይህም ሻ-256፣ ቀጥሎም ራይፕኤምዲ-160 በተባሉ የሃሽ ስልቶች አልፎ 20 ባይት ይሆናል። ከፊት መለያ ባይት፣ ከኋላ 4 የማረጋገጫ ባይት ታክሎበት በቤዝ58 ሲጻፍ በ1 የሚጀምረው የቀድሞው ዓይነት አድራሻ ይወጣል። ኢቴሪየም በበኩሉ ኬቻክ-256ን ተጠቅሞ የመጨረሻዎቹን 20 ባይት ይወስዳል።

ከአድራሻ ተነሥቶ ወደ ቁልፉ መመለስ በተግባር አይቻልም። ስለዚህ አጥቂ ከሒሳቡ ጋር አይታገልም፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተመረጠ ያጠናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድሮይድ የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ ጉድለት የቢትኮይን ቦርሳዎችን አጋልጧል። በ2023 ደግሞ ሊብቢትኮይን የተባለው መሣሪያ ለቁልፍ መነሻ 32 ቢት ብቻ ይጠቀም እንደነበር ታወቀ። ይህ ማለት 4.3 ቢሊዮን ገደማ አማራጭ ብቻ ነው፤ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ ይጨርሰዋል። ሌቦችም ሞክረው የሰው ገንዘብ ወስደዋል።

አስቸጋሪው ነገር ደካማ ቁልፍም እንከን የሌለው አድራሻ ማውጣቱ ነው። 4ቱ የማረጋገጫ ባይት የአጻጻፍ ስሕተትን እንጂ የቁልፍን ድክመት አያሳዩም። በፓይተን ራንደም የተባለው ሞጁል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ 624 ተከታታይ ባለ 32 ቢት ውጤቶቹን ያየ ሰው ቀጣዩን ሊተነብይ ይችላል። ሴክረትስ የተባለው ግን ቁጥሩን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና ነው።

የባንክ የይለፍ ቁጥር የጠፋበት ሰው መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ ቁልፉ የተሰረቀበት ግን የሚያመለክትበት መስኮት የለውም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አሳስቧል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ኮድ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪው ያወጣው አድራሻ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሙሉ ነጥብ አትስጡት፤ ቁልፉን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።